አባቷ «እርስዎ» ሲላት

አባቷ «እንደምን ዋሉ?» ሲላት አስካለ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ሌላ አገር ቢሆን፣ አባት ልጁን አክብሮ ቢያናግራት ምን ያስሮጣታል ይባል ይሆናል። ድሬዳዋ ግን ልጅ አባቱን፣ ተማሪ አስተማሪውን፣ ነጋዴ ደንበኛውን «አንተ» የሚልበት ከተማ ነው። ዱሮም እንዲህ ነበር፤ ሙቀቱ ሰዉን ቀን ቀን ቤት ውስጥ መዝጋት ከጀመረ በኋላም እንዲሁ ነው። ይህም ታሪክ የድሬ ስለሆነ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያልን እንቀጥላለን፤ ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለን። የአስካለ አባት ኪሩቤል ደግሞ ከድሬ ልጆችም የባሰበት ነበር። በወጣትነቱ ሳቢያን ሠፈር ጌም ቤት ነበረው። «አንተ! ሰዓትህ አልቋል፣ ተነሥ!» ብሎ ሲጮህ ከመንገዱ ማዶ የተቀመጡ ሰዎች ሳይቀሩ ብድግ ይሉ ነበር ይባላል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው «እንደምን ዋሉ» ካለ የሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካርዱ ግሏል።

የአቧራው ዓመታት የብዙ ሰው ጉሮሮ ይዘው ሄደዋል። የኪሩቤልም አብሮ ሄደ። አሁን የሚናገረው አንገቱ ላይ በተለጠፈች ስስ ቁራጭ ነው። እሷ የጉሮሮውን እንቅስቃሴ ታነባለች፤ ጓዳ ያለው ኮምፒውተር ቃል ያደርገዋል፤ ሳሎን ያለው ድምፅ ማጉያ በራሱ በኪሩቤል የዱሮ ድምፅ ይናገራል። የሥራው ሁሉ ሸክም ያለው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። ካርዱ ቀዝቀዝ ሲል ኪሩቤል ራሱን ነው፤ ይሳደባል፣ ያሾፋል፣ ሰው ሲያወራ ያቋርጣል። ካርዱ ሲሞቅ ግን ራሱን ለማዳን ሥራ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ሰውየው ያለውን ማንበብ ትቶ፣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚለውን መገመት ይጀምራል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚለው ደግሞ ትሕትና ነው።

አስካለ ጓዳ ስትገባ ኮምፒውተሩን አላየችውም። በቦታው የቆመው ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር ነው። ገፍፋ ጣለችው። ሣጥኑን ስትነካው አቃጠላት።

«ማነው ይህን ያለበሰው?»

«እኔ ነኛ!» አለች አክስቷ ሳሮን ከሳሎን። ለእሁዱ እንግዳ ቤት ልታሰናዳ ከሐረር የመጣችው በማለዳ ነው። «ሽማግሌ ሊመጣ ኮምፒውተር ራቁቱን ይቀመጣል እንዴ? ቴሌቪዥኑንም፣ ፍሪጁንም አልብሻቸዋለሁ። በአሚዶ ነው ያጠብኩት፣ እይው እስቲ እንዴት ቀጥ እንዳለ።»

«አክስቴ፣ መተንፈሻውን እኮ ነው የደፈንሽው!»

«ዳንቴል ቀዳዳ አለው፤ በቀዳዳው ይተንፍስ።»

አስካለ ወደ ውጭ በር ሄደች። የፈራችው ሆኗል። በሩ አናት ላይ ያለችው የከተማው መብራት ቀይ በርታለች። ደንቡን የማያውቅ የለም፤ የአንዱ ቤት ሙቀት በግድግዳ አልፎ የሌላው ቤት ሙቀት ስለሚሆን፣ በዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቀይ ያበራ ቤት ማሽኑ ይታሸጋል። የመጀመሪያው ቀይ በአቧራው ወር ነበር፤ ዳንቴሉ ሁለተኛውን አመጣ። አንድ ቀርቷቸዋል።

ማሽኑ የታሸገበት ሰው ዲዳ ሆኖ አይቀርም፤ ከተማው እንዲህ ጨካኝ አይደለም። ድምፁ ወደ ከተማው የድምፅ ማዕከል ይዛወራል። ማዕከሉ ቀዝቃዛ ቦታ ነው፣ ካርዶቹም ብዙ ናቸው፤ ይሁንና ለሁሉም ሰው የሚናገረው በአንድ ዓይነት ጨዋ አማርኛ ነው። ጎረቤታቸው አደም ባለፈው ዓመት ተዛውሯል። ድምፁ የራሱ ነው፣ የሚለው ግን የራሱ አይደለም። ሚስቱ ዘሃራ ሻይ ስታቀርብለት «ስለ መስተንግዶዎ ከልብ እናመሰግናለን» ይላታል። ስትቆጣው «ስለተፈጠረው ቅሬታ ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላታል። «ባሌን ወስደው ባንክ ቤት ሰጡኝ» ትላለች ዘሃራ፤ እያለችም ትስቃለች።

አስካለ የጣሪያ ነጭ ቀለም ቀቢ ናት። ከሙቀቱ የተነሣ ድሬ ላይ ነጭ ያልሆነ ጣሪያ ስለማይፈቀድ ሥራዋ አያልቅም። ማስረሻን ያወቀችውም በዚያው ነው፤ ቀለሙን ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ የሚያመጣው እሱ ነው። ሲመላለስ ተወዳጁ። አሁን ሽማግሌ ልኳል፤ እሁድ ይደርሳሉ። አስካለ ለአባቷ ስትነግረው ኪሩቤል አላሾፈም፤ ያ ደግሞ አስፈራት።

«መልሴን ለሽማግሌዎቹ ነው የምሰጠው» አላት። «አንቺ ጓዳ ሆነሽ ትሰሚያለሽ።»

ይሰጠኛል ወይስ ይከለክለኛል እያለች ሰነበተች። ካርዱ ቢግል ግን መልሱ የሱ መሆኑ ይቀርና የማሽኑ ይሆናል። ስለዚህ እሁድ ካርዱ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህን እንደ ሥራ ያዘችው።

በዳንቴሉ ማግስት ማለዳ ኮምፒውተሩን ሳሎን አውጥታ መሬት ላይ አስተኛችው። ከማጥፋቷ በፊት አባቷ ሥራውን አንድ በአንድ ነግሯት ነበር፤ ጌም ቤት ሳለ ሳምንት ሳምንት ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው። ከጠፋ በኋላ ደግሞ መናገር ስለማይችል ጠረጴዛውን ሊመታ ተስማሙ። መታ ማለት ተሳስተሻል ማለት ነው።

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈታች። አቧራው በፋኖቹ መካከል ተጋግሮ ጨርቅ መስሏል። ለጣሪያ ጠርዝ የምትጠቀምባትን ቀጭን ብሩሽ አምጥታ ስትጠርግ ፋኑ እየዞረ አስቸገራት። ጠረጴዛው ተመታ። ቀና ስትል አባቷ አንድ ጣቱን ቀጥ አድርጎ አሳያት፤ ገባትና ፋኑን በጣቷ ይዛ ጠረገች። ካርዱን ከፍታ የደረቀውን የሙቀት ቅባት በአልኮል ጠርጋ አነሣች፤ እሱም ሙቀት ማስተላለፍ አቁሞ ነበር። አዲሱን ቅባት ከቱቦው ጨመቅ አድርጋ ስታወጣ ጠረጴዛው እንደገና ተመታ፤ በዝቷል ማለቱ ነው። ቀነሰች። አሁንም ተመታ። የምስር ፍሬ ሲያክል ዝም አለ።

ገጣጥማ ስታበራው የመጀመሪያው ቃል «አንቺ ደነዝ» ነበር። «በዚያ ቅባት አንድ ጣሪያ ይቀባ ነበር እኮ!»

አስካለ ደስ ብሏት ሳቀች። ስድቡ ጥርት ያለ፣ የራሱ ነበር።

«አሁን ኃይሉን ቀንሺለት» አላት።

«ኃይል ቀንሼበት እንዴት ይሠራል?»

«ፋብሪካው ካርዱ ከሚያስፈልገው በላይ ነው የሚያበላው፤ ፈጣን ነው እንዲባል። ከጉርሻው ትንሽ ብትቀንሺበት ሥራው ብዙም አይጎድልም፣ ሙቀቱ ግን ይወርዳል። በጣም ከቀነስሽበት ደግሞ ይጎተታል። መሃሉን ፈልጊ።»

መሃሉን ሲፈልጉ ረፈደ። ሲያወርዱት ኪሩቤል በቃል መሃል ይቆም ጀመር፤ ሲያወጡት ሙቀቱ ያሻቅባል። በመጨረሻ ድምፁ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ካርዱ ግን ሰባ ዲግሪ ሳይሞላ የሚሠራበትን ልክ አገኙ። ሣጥኑን ፀሐይ ከማይመታው የጓዳው ግድግዳ ጋር፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። አክስቷ ዳንቴሉን አጣጥፋ ይዛ ከበሩ ሥር ቆማ ታያለች።

«ቢያንስ ከላዩ ጣል ላድርግበት? ከላዩ ብቻ?»

«ኧረ ተይው!» አሉ አባትና ልጅ አንድ ላይ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ የሚጠበቁት በማለዳ፣ አገሩ ገና ሳይግል ነበር። ባቡሩ ዘገየ። ከበሩ ሲደርሱ የሙቀት ሰዓት ጡሩምባ መነፋት ጀምሮ ነበርና ሮጠው ገቡ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማታ ማንም ከቤት አይወጣም። አየር ማቀዝቀዣም አይበራም፤ ያም በከተማው ደንብ ነው። ሦስት ናቸው። ኪሩቤልና ሳሮን የሽማግሌ ስም፣ አስካለና ማስረሻ የወጣት ስም በሆነበት በዚህ ዘመን የሽማግሌዎቹ አለቃ ናሆም ይባላል፤ ሸበቶ፣ ረጋ ያለ የደብረ ብርሃን ሰው ነው። የተቀሩት ሁለቱ እሱ ሲናገር ራሳቸውን የሚነቀንቁ ናቸው።

አስካለ እንደ ልማዱ ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ሙሽሪት ሽማግሌ ፊት አትታይም። ዛሬ ግን ጓዳ ሌላም ሥራ ነበራት፤ ዓይኗን ከሙቀቱ ቁጥር ላይ ሳትነቅል በጆሮዋ ሳሎኑን ታዳምጣለች።

«ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ያስገትራችኋል?» አለ ኪሩቤል።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ናሆም።

«እንግዲያው ቁሙ። ስምህ ማነው አንተ?»

ናሆምን «አንተ» ያለው ሰው ከሞተ ቆይቷል። ጉሮሮውን ጠራርጎ ስሙን ተናገረ። አስካለ ጓዳ ሆና አፏን በእጇ ያዘች፤ አፈረች፣ ደስም አላት።

ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ። ደብረ ብርሃኖች ሰላምታ ላይ አይቆጥቡም። እንዴት ሰነበቱ፣ ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰቡ ደህና ነው፣ ጎረቤቱ ደህና ነው፣ ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል፣ ያለፈው አቧራ እንዴት አለፈላችሁ። ናሆም ሲጨርስ ሁለተኛው ጀመረ፤ ሁለተኛው ሲጨርስ ሦስተኛው። ለእያንዳንዱ መልስ አለ፣ እያንዳንዱ መልስ ደግሞ ካርዱን ያሠራዋል። ጓዳ ቁጥሩ ሰባውን አለፈ። አስካለ ፋኖቹን ወደ መጨረሻው ፍጥነት አወጣች። ሰላምታው ቀጠለ። ሰባ ስድስት። የማስረሻ ዘር ተቆጠረ፣ ጠባዩ ተመሰከረ፣ አጎቱ የሠራው ደግ ሥራ ተወራ። ሰማንያ። አጎትየውን በልቧ ረገመችው።

ናሆም በመጨረሻ ዋናውን ተናገረ። «ልጅዎን አስካለን ለልጃችን ለማስረሻ ይሰጡን ዘንድ ነው የመጣነው።»

ድምፅ ማጉያው ወዲያው መለሰ፤ ሳይዘገይ፣ ሳያመነታ።

«ጥያቄያችሁን በታላቅ አክብሮት ተቀብለነዋል። ጋሽ ናሆም፣ እርስዎም ይህን ያህል መንገድ ተጉዘው ስለመጡ ከልብ እናመሰግናለን። ልጃችን አስካለን ለልጃችሁ ለማስረሻ ስንሰጥ ደስታችን ወሰን የለውም።»

«እልልልል!» አለች ሳሮን። ሽማግሌዎቹ በእፎይታ ተሳሳቁ። ናሆም «እሰየው፣ አየህ ጨዋ ሰው እኮ ናቸው» ሲል ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ተሰማ።

አስካለ ቁጥሩን አየች። ሰማንያ ሦስት። «እርስዎ» ብሏል። አባቷ አይደለም።

እውነቱን እንናገር፤ ዝም ልትል ፈልጋ ነበር። የምትፈልገው መልስ ተሰጥቷል። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸዋል፣ አክስቷ እልል ብላለች፣ ማስረሻ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ይህን ድምፅ ብታስቆመው ከሥሩ «አይሆንም» ሊወጣ ይችላል። ማንም ደግሞ አያውቅባትም። የሚያውቀው አባቷ ብቻ ነው፤ እሱም መናገሪያው ይኸው ነው። በበሩ ቀዳዳ አየችው። ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ አፉ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ያለ እሱ ያመሰግናል።

ድምፁን ዘጋችው።

«አሁን የተናገረው አባቴ አይደለም!» አለች በበሩ ውስጥ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ካርዱ ስለጋለ ነው። ትንሽ ታገሱኝ።»

«ምን አልሽ?» አለች ሳሮን። «እሺ ብሏል እኮ! አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም?»

አስካለ የኃይሉን ልክ ወደ ታች ጎተተችው። የሣጥኑን ጎን ፈታ ጣለችው። ቁጥሩ ሰማንያ አራት ሆነ፤ አንድ ብቻ ቢጨምር ውጭ ቀዩ ይበራል። ዙሪያዋን ስትመለከት ገመድ ላይ የተሰቀለው የአባቷ ሽርጥ ታያት። ባልዲ ውስጥ ነከረችው፣ ጨምቃ በጓዳው ቬንቲሌተርና በሣጥኑ መካከል ዘረጋችው። የድሬ አየር ደረቅ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ አልፎ ሲመጣ ይቀዘቅዛል። ቁጥሩ ቆመ። ቆሞ ቆሞ አንድ ወረደ። ሽርጡን በሁለት እጇ ወጥራ ይዛ፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ እየገባ፣ «ውረድ፣ ውረድ» ትለዋለች። ሰባዎቹ ውስጥ ሲገባ ድምፁን መልሳ ከፈተችው።

ከዚያ፣ እየተጎተተ፣ በቃልና በቃል መካከል ትንፋሽ የሚያስወስድ ድምፅ መጣ።

«ናሆም።»

«አቤት።»

«ቅድም የተናገረው፣ እኔ አይደለሁም። ይህ ነገር ሲሞቀው፣ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነገር ይላል።»

«ገባኝ» አለ ናሆም።

«አልገባህም። ዝም ብለህ ስማኝ።»

አስካለ ሽርጡን እንደወጠረች ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔም እሺ ነው የምለው» አለ ኪሩቤል። «ግን የኔ እሺ እንደ ማሽኑ አይደለም። እሱን እሺ ማለት ምንም አያስከፍለውም። እኔ እሺ ስል፣ ልጄ ደብረ ብርሃን ትሄዳለች። ጓዳ ሰው አይኖርም። ብዙ ሳይቆይ በሬ ላይ ቀይ ይበራል። ማሽኑ ይታሸጋል። ከዚያ እኔም እንደ ጎረቤቴ፣ ሻይ ሲሰጡኝ ከልብ እናመሰግናለን እላለሁ። የሚመጣውን አውቄ ነው እሺ የምልህ።»

ገና አልጨረሰም ነበር።

«ልጄ ቀን የሰው ጣሪያ ስትቀባ ትውላለች። ስትመለስ እኔን ታቀዘቅዛለች። እንዲህ ሆና ልታረጅብኝ ነው። ውሰዷት። ሳልጸጸት ቶሎ ውሰዷት።»

አስካለ አለቀሰች። እንባዋን በእርጥቡ ሽርጥ ጫፍ ጠረገች፣ ሽርጡን በሁለት ወንበር መካከል አሰረችው፣ በሩን ከፍታ ሳሎን ወጣች።

«ኧረ በማርያም፣ ነውር ነው፣ ግቢ!» አለች አክስቷ። የአስካለ ልብስ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፣ እጇ በአቧራ ጠቁሯል። ሽማግሌዎቹ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

«አባቴ መልሱን ሰጥቷል» አለች። «እኔ ግን ገና አልተጠየቅሁም።»

ናሆም ሁለቱን ጓደኞቹን አየ። እነሱም እሱን አዩት። «እንግዲህ እንጠይቅሽ» አለ በመጨረሻ። «ማስረሻን ታገቢዋለሽ?»

«አገባዋለሁ። እወደዋለሁ። ደብረ ብርሃን ግን አልሄድም፤ አባቴንም ለማዕከሉ አልሰጥም። የምንኖረው እዚህ ነው።»

«ሥራው እኮ እዚያ ነው፣ ልጄ።»

«የሚሸጠው ነጭ የጣሪያ ቀለም ነው። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው፤ ጣሪያውን ነጭ የሚያስቀባ ማን አለ? ቀለሙ የሚያልቀው ድሬ ነው።»

«አንቺ!» አለ ኪሩቤል። «እኔ ውሰዷት ያልኩት፣ እዚህ አምጥታችሁ ቤቴን—»

«አባዬ ዝም በል፣ ታሞቀዋለህ።»

ኪሩቤል ዝም አለ። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ማሽኑ ሳቅ አያውቅም፤ ስለዚህ ድምፅ አልነበረውም፤ ግን ሦስቱም ሽማግሌዎች መሳቁን አዩ። ናሆም ሳይጠየቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ማስረሻ እንቢ ቢልስ?» አላት።

«እንቢ ካለ ቁርጤን ልወቅ።»

«ታዲያ ምን ብለን እንንገረው?»

«ካቻቢቴ ይዞ ይምጣ በሉት» አለች አስካለ፤ ሽርጡ መድረቅ ጀምሮ ነበርና መልሳ ልትነክረው ገባች።